ከገንዳው ዳር የተቀመጡት ልጆች

የመስከረም አደይ ሳይረግፍ ብለን ቤተሰብ ሰብስበን አምቦ ወርደን ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን እያለፉ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲጓዙ በሁለቱም በኩል ያለው ማሳ ዓይን ያሳርፋል። ልጆቹ ግን ማሳ የሚያይ ዓይን አልነበራቸውም። ከአዲስ አበባ ከወጣንበት ሰዓት ጀምሮ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ፍል ውኃው መዋኛ ነበር።

ደረስን። ወንዶቹ ልጆች ሸሚዛቸውን የት እንደጣሉት ሳናይ ውኃው ውስጥ ተገኙ። የእህቴ ልጅ ግን ጫማዋን አውልቃ ከገንዳው ዳር ተቀመጠችና እግሯን ብቻ ነከረች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

‹‹ምነው፣ አትገቢም እንዴ?›› አልኳት።

‹‹ፀጉሬስ አጎቴ?›› አለችኝ፤ በዋዜማው የተሠራችውን ሹሩባ በሁለት እጇ ይዛ።

ዙሪያውን ስቃኝ ከዳር የተቀመጠችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ወንድሞቻቸው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፤ እነሱ ፎቶ ያነሳሉ፣ ልብስ ይጠብቃሉ፣ ፎጣ ያቀብላሉ። ገንዳው ለሁሉም እኩል ተከፍሎበታል። የገባው ግን ግማሹ ነው።

የእህቴ ልጅ ከዚህ በፊት ዋና ጀምራ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መዋኛ (ስሙ ይቆየን) በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደች ለስድስት ወር ያህል ተማረች። ከዚያ ፀጉሯ በጆሮ ግንዷ በኩል መሰባበር ጀመረ፤ ጫፉ እንደ ሣር ደረቀ። እናቷ ‹‹ክሎሪኑ ጨረሳት›› ብላ አስወጣቻት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ የቆዳ ሐኪምም የፀጉር ባለሙያም አይደለሁም። ነገር ግን ሁለት ምክንያቶች ጉዳዩን እንድከታተለው አድርገውኛል። አንደኛው፣ ተከሳሹ ሳይሰማ የሚሰጥ ፍርድ አልወድም። ሁለተኛው፣ እኔም የክሎሪን ደንበኛ ነኝ። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሜ ዋና አዝዞልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ጠዋት ስዋኝ፣ እግሬ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነጭቶ፣ ሌሊት እያከክሁ አድሬያለሁ። ስለዚህ አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ በራሴም ላይ ሞከርኩ። የደረስኩበትን እነሆ።

የበረኪናው ሽታ የማን ነው?

ክሎሪን ገንዳ ውስጥ የሚጨመረው እኛን ለማስቸገር አይደለም። ሃምሳ ሰው በሚነከርበት ውኃ ውስጥ የሃምሳ ሰው ላብ፣ ምራቅ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ክሎሪን ውኃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባል ነገር ይሠራል። በትክክል በተጠበቀ ገንዳ ውስጥ ይህ አሲድ አደገኛውን የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገድለዋል። የጉበት በሽታ የሚያመጣውን የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ለመግደል ሩብ ሰዓት ገደማ፣ ጃርዲያን ለመግደል ደግሞ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የተቅማጥ ተውሳክ ግን በክሎሪን ውስጥ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ገንዳ አይግባ የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አብዛኞቻችን የምንሳሳትበት ነገር ይመጣል። ወደ መዋኛ ቤት ስንገባ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን፣ ዓይናችንን የሚያቀላው የበረኪና ሽታ ‹‹ክሎሪን በዝቶ ነው›› እንላለን። አንዳንዱም ‹‹ሽታው ካለ ንጹሕ ነው›› ብሎ ይጽናናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያ ሽታ በአብዛኛው የክሎራሚን ነው። ክሎራሚን የሚፈጠረው ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት ቅባት ጋር ሲዋሃድ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ኃይለኛ ሽታ ያለው ገንዳ ‹‹ክሎሪኔ በቆሻሻችሁ ተይዞብኛል›› እያለ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፒኤች የሚባለው የአሲድነት ልኬት ነው። ገንዳ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል እንዲቆይ ይመከራል። ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ተህዋስን አጥብቆ በሚገድለው መልኩ ይገኛል። ወደ 8 ሲወጣ ግን ይህ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ግራ የተጋባ የገንዳ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ተጨማሪ ክሎሪን ይደፋል። ፀጉራችንና ቆዳችን ዕዳውን ይከፍላሉ። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ክሎሪን ከመኖሩ ሳይሆን ውኃው ሳይለካ በግምት ከመተዳደሩ ነው።

ፀጉር ምን ይሆናል?

ከራስ ቅላችን የወጣው የፀጉር ዘለላ ሕይወት የለውም። ቆዳ ቢቆስል ይሽራል፤ ፀጉር ከተጎዳ ግን የሚሽርበት መንገድ የለውም፤ የሚድነው አዲሱ ከሥሩ ሲበቅል ብቻ ነው። የዘለላው ውጪኛ ክፍል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የውስጡን ይሸፍናል። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት ደግሞ ይህንን ቅርፊት ያለሰልሰዋል። ክሎሪን ቅባቱን አጥቦ ይወስዳል፤ ሲደጋገምም ቅርፊቱን ያሻክረዋል። የተሻከረ ፀጉር እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲበጠር ይሰበራል።

የእኛ ጥቅልል ፀጉር እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለው። ቅባቱ በተጠቀለለው ዘለላ ላይ ተንሸራትቶ እስከ ጫፍ መድረስ ይከብደዋል። ስለዚህ ጫፉ ገና ከመጀመሪያው ደረቅ ነው። ዘለላው የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ለመሰበር የቀረበ ነው። እናቶቻችን ፀጉር ቅቤ የሚቀቡት ያለ ነገር አልነበረም።

ብዙ ጊዜ የሚወራው ‹‹ክሎሪን ፀጉርን አረንጓዴ ያደርጋል›› የሚለው ነገርም አለ። አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሪኑ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ያለ መዳብ ነው። መዳቡ ከቧንቧ ወይም አልጌ ለማጥፋት ከሚጨመር መድኃኒት ይመጣል። ቀለሙ ብጫ ፀጉር ላይ ይታያል፤ ጥቁር ፀጉር ላይ አይታይም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ነገሩን እንደ መዝገብ ገልጬ ስጠይቃት የተገኘው ይህ ነው። ከገንዳው ወጥታ ፀጉሯን ሳትለቀልቅ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ክሎሪኑ እስከ ማታ እላይዋ ይደርቃል። ዓርብ ማታ እርጥብ ፀጉሯን ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ ከሥር ወደ ጫፍ ትጎትተዋለች። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሄዳ በፒያስትራ ትተኮሳለች። ፒያስትራው ሲሰለቻት ሹሩባ ትሠራለች፤ ሹሩባውም ግንባሯን እስኪስበው የጠበቀ ነው። በጆሮ ግንድና በግንባር በኩል ያለ ፀጉር የሚሳሳበት ዋናው ምክንያት ደግሞ የጠበቀ ሹሩባ ነው። ክሎሪን እጁ የለበትም አልልም። ግን ብቻውን አልነበረም፤ ግብረ አበሮች ነበሩት፤ የተቀጣው ግን እሱ፣ ከእሱም ጋር ዋናው ራሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ከምንገምተው በላይ ርካሽና ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ከመግባት በፊት ፀጉርን በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ማራስ። ፀጉር እንደ ስፖንጅ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ ውኃ ይጠጣል። በንጹሕ ውኃ የጠገበ ስፖንጅ ለገንዳው ውኃ ብዙ ቦታ አይተውም። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል የምይዘው ይህንን ነው። ዋጋው አንድ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፣ በራሰው ፀጉር ላይ ጥቂት ኮንዲሽነር ወይም የኮኮናት ዘይት፣ በተለይ ጫፉን፣ ማስነካት። ጥቂት ማለቴ ይሰመርበት። ቅቤ ተቀብቶ ገንዳ መግባት ግን ነውር ነው፤ ቅቤው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ክሎሪኑንም ይበላል። ዘይቱም ቢሆን ከኮፍያ በታች መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ የዋና ኮፍያ። ሲልከን የሚባለው ከላቴክሱ ይሻላል፤ ፀጉር አይነጭም፣ ይበረክታል። ኮፍያ ውኃ ፈጽሞ አያስገባም ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚገባውን ውኃ ይቀንሳል፣ ፀጉሩም በውኃው ውስጥ እየተርመሰመሰ እንዳይቋጠር ይይዘዋል። የሹሩባና የወፍራም ፀጉር ባለቤቶች ‹‹አይገባልኝም›› ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጉዳዩ እኮ ዓለም አቀፍ ክርክር ሆኖ ነበር። ሶል ካፕ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ለእንዲህ ዓይነቱ ፀጉር ሰፋ ያለ ኮፍያ ሠርቶ ሲያቀርብ፣ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት፣ ለውድድር አይሆንም ብሎ መለሰው። አሊስ ዲሪንግ ለብሪታንያ በኦሊምፒክ የዋኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው በዚያው ኦሊምፒክ ነው። ተቃውሞው በዝቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፌዴሬሽኑ ሐሳቡን ቀይሮ ኮፍያውን ፈቀደ። ይግባኝ አንዳንዴ ይሠራል።

አራተኛ፣ ከገንዳው እንደወጡ ወዲያው መለቅለቅ። ቤት ሲደረስ አይደለም፤ እዚያው። ከዚያ ለስላሳ ሻምፖ፣ ቀጥሎ ኮንዲሽነር። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚዋኝ ሰው ለዋናተኞች የሚዘጋጀውን፣ ኢዲቲኤ ያለበትን ሻምፖ በሳምንት አንድ ቀን ቢጠቀም መዳቡንና ሌላውን ማዕድን ያነሳለታል። በየቀኑ ግን እሱም ያደርቃል። ማበጠሪያው ጥርሱ ሰፊ ይሁን፤ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይኬድ። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ሲጎተት ይበጠሳል።

አምስተኛ፣ ሪላክሰር ወይም ቀለም የተቀባ ፀጉር። ሪላክሰር ፀጉሩን የሚያቃናው የውስጥ ማሰሪያውን በኃይለኛ አልካሊ በጥሶ ነው። እንዲህ የተበጠሰን ፀጉር በማግሥቱ ክሎሪን ውስጥ መንከር ቁስል ላይ በርበሬ እንደ መነስነስ ይቆጠራል። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ፒያስትራውም እርጥብ ፀጉር ላይ አይደርስ። ሹሩባ የሚሠሩ ላላ ያድርጉት፤ ከዋና በኋላም እስከ ሥሩ ይድረቅ። ሥሩ እንደራሰ በሻሽ ታስሮ የሚያድር ሹሩባ ይሸታል፣ ራስ ያሳክካል።

ቆዳስ?

ቆዳችንም የራሱ ቅባት አለው፤ እርጥበቱን የሚይዝለት እሱ ነው። ክሎሪኑ ሲያጥበው ቆዳው ይነጫል፣ ይሳባል፣ ያሳክካል። ጠቆር ያልን ሰዎች ላይ አመዱ ጎልቶ ይታያል። የቆዳ ድርቀት ሕመም (ኤክዚማ) ያለባቸው ሕፃናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እነሱ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ቢጀምሩ ይበጃል።

የእኔ ስህተት ይህ ነበር። ከገንዳው ወጥቼ ‹‹ክሎሪኑን ላጽዳው›› ብዬ በሚፋጅ ውኃ፣ በልብስ ሳሙና በሚያስንቅ ሳሙና፣ ሃያ ደቂቃ እፈትግ ነበር። ክሎሪኑ የጀመረውን እኔ ስጨርሰው ማለት ነው። የሚሻለው ለብ ባለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፎጣ ሳይፈትጉ እያስነኩ ማድረቅ፤ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ያለበት ቅባት መቀባት። ውድ ክሬም አያስፈልግም። ሥራውን የሚሠራው ቅባቱ የሚቀባበት ሰዓት ነው። እኔ ይህንን ከጀመርኩ በአንድ ወር እግሬ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ።

ከመግባት በፊት ገላን መለቅለቅ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። ለራሳችን ቆዳ ይጠቅማል፤ ላባችንንም ገንዳው ውስጥ ስለማናስገባ ያ የሚሰነፍጥ ክሎራሚን ይቀንሳል። እኛ ግን ለብሰን የመጣነውን ላብ ይዘን ዘለን እንገባና ‹‹ውኃው ይሸታል›› እንላለን።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አውልቁት፤ በእሱ ፈንታ የዋና መነፅር አድርጉ። ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን የማክሸፍ ባሕርይ ስላለው አንዳንድ ዋናተኞች ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው ይለቀለቁበታል፤ ይሠራል። ነገር ግን ‹‹ሎሚም ቫይታሚን ሲ ነው›› ብላችሁ ገላችሁን ሎሚ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትሰጡ። የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ተጋግዞ ቆዳን ያቃጥላል፤ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል።

ሦስተኛው ፀሐዩ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ አምቦ ላይ የሚዋኝ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ይልቅ ሃያ በመቶ ያህል የበዛ ጨረር ይደርሰዋል ማለት ነው። ‹‹ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም›› የሚለውን እርሱት። ማድያት ያለባቸው በተለይ ይጠንቀቁ። መከላከያ ክሬሙ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ በወጡ ቁጥር ይደገም።

የአምቦው ውኃ ጉዳይ

አንዳንዱ ‹‹አምቦ እኮ የተፈጥሮ ውኃ ነው፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?›› ይል ይሆናል። የአምቦን ውኃ የማያከብር የለም። የአካባቢው ኦሮሞ ማዕድን ያለውን ውኃ ሆራ ይለዋል፤ ከብቱን ወስዶ ያጠጣዋል። ታሽጎ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከተማዋንም በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ያሰኛት ይኸው ውኃ ነው።

ለፀጉርና ለቆዳ ግን ማዕድን የራሱ ጠባይ አለው። ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውኃ ሳሙና እንደ ልብ አረፋ አያወጣም፤ ውኃው ሲደርቅም ማዕድኑ ፀጉርና ቆዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክሎሪን የሌለበትም ፍል ውኃ ቢሆን ማራስና መለቅለቁ አይቀርም። ከዚህም ሌላ ሙቅ ውኃ ለሰው እንደሚመች ሁሉ ለባክቴሪያም ይመቸዋል። ክሎሪን የሌለበት፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ የማይለወጥ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ከዋኙ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የዋና ልብስ በሸፈነው ገላ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ‹‹ተፈጥሮ›› የሚለው ቃል የጽዳት ማስረጃ አይደለም። በፍል ውኃ ገንዳ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ‹‹ክሎሪን አለው ወይ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹መቼ ተለወጠ፣ መቼ ታጠበ?›› የሚለው ነው። ሶደሬም ሂዱ አምቦ ጥያቄው ያው ነው።

ከገንዳው ባለቤት ምን እንጠይቅ?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። የመግቢያ ትኬት ስትቆርጡ ውል ገብታችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ክስ መሥርቱ እያልኩ አይደለም፤ ለተሰበረ ፀጉር ማስረጃ ማቅረቡ ጠበቃንም ያደክማል። የምለው ጠይቁ ነው።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ዛሬ ክሎሪኑ ስንት ነው? ፒኤቹ ስንት ነው? የተለካው በስንት ሰዓት ነው? መልሱ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 ከሆነ በሰላም ግቡ። መለኪያው ቀለም የሚቀይር ወረቀት ነው፤ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ውጤቱን በር ላይ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ደግሞ ጠመኔ ብቻ ይፈልጋል። የገንዳውን የታችኛውን ወለል ጥርት አድርጋችሁ ካላያችሁ ግን ቁጥሩም አያስፈልግም፤ አትግቡ። ሰው ቢሰጥም የማይታይበት ውኃ ነው።

ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው። ሳንለቀለቅ የምንገባ፣ ልጆቻችንን ሽንት ቤት ሳንወስድ የምንለቅ፣ ቅባት ተቀብተን የምንዘል እኛም በግዴታችን አልተገኘንም።

ነገሩ ከፀጉር ያልፋል

‹‹ለዚህ ሁሉ ድካም ባይዋኙስ?›› የሚል አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ የእኛን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሟቾቹ ሩቡ ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

ምዕራብ ሸዋ የውኃ አገር ነው። አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ነው። ሁሉቃ አምቦ ከተማን ሰንጥቆ ያልፋል። ጉደር ክረምት ላይ እንዴት እንደሚሞላ ያየ ያውቀዋል። የደንዲ ሐይቅ አለ። በእነዚህ ውኃዎች ዳር የሚያድግ፣ የሚሻገር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ ማነው? ሴቶች ልጆች ናቸው። ዋና የማትችል ልጅ ፀጉሯ ሙሉ ቢሆን ምን ይጠቅማታል? ያኔት ሥዩም በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ለኢትዮጵያ ዋኝታለች። ሁሉም ኦሊምፒክ ይድረስ አልልም። አንድ ወንዝ ተሻግሮ በሕይወት መድረስ ግን የሁሉም ድርሻ ነው።

የዚያን ዕለት ምን ሆነ? ኮፍያ አልነበረንም። እህቴ ከቦርሳዋ የኮኮናት ዘይት አወጣች። ልጅቷ ሹሩባዋን በቧንቧ ውኃ አራሰች፣ ጫፉን ዘይት አስነካች፣ እናቷ ሻሿን ፈትታ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት። ገባች። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ ወደ መሐል። ከታናሽ ወንድሟ የተሻለ እንደምትዋኝ ያወቅነው ያኔ ነው።

ስትወጣ እዚያው ተለቀለቀች፤ ሹሩባዋንም ፀሐይ ላይ ፈትታ አደረቀችው። አዲስ አበባ እስክንገባ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በማግሥቱ እናቷ ደወለችልኝ። ‹‹ጋሼ፣ ያ ያልከው ኮፍያ የት ነው የሚሸጠው?›› አለችኝ። ትልቁን ቁጥር ግዢ አልኳት።

ቸር እንሰንብት።